ከሚኒባሱ በር ውጭ

ሰው የሚያገባውን ሰው በመንገድ፣ በመጠጥና በገንዘብ ይፈትን ይላሉ ትልልቆቹ። ንብን የጠቀሰ ሽማግሌ ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ እጨምርላችኋለሁ። ጥቂት ያሳብጣል እንጂ ከሦስቱም ይፈጥናል።

ትርንጎ እባላለሁ። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች ያማራት ትርንጎ ስለነበር ነው ስሙን ያወጣችልኝ። ጎመን አምሯት ቢሆን ኖሮ ምን ተብዬ እጠራ እንደነበር አስቡት። ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ሠላሳን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በከተማችን ሠላሳ የደረሰች ያላገባች ሴት ማለት መንገድ ዳር እንደቆመ የተበላሸ የጭነት መኪና ናት። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንገቱን አስግጎ «ምን ሆና ነው?» ይላል። የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ማዘዣውን ከመስጠቱ በፊት የቀለበት ጣቴን ያይ ነበር።

ከዚያ ይበልጣል መጣ። ቡሬ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ የተለካ። ሲያፈቅርም በዕቅድ ነው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ለመተዋወቅ፣ ሁለተኛው ለሽማግሌ፣ ሦስተኛው ለሠርግ» አለኝ።

«አራተኛውስ?» ስለው፣

«ግምገማ» አለ።

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ፊቱን ሳይፈታ መቀለድ የሚችል ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩም አጭር፣ የኔም እንቅልፍ ረጅም ይሆን ነበር። ሽማግሌ ላከ፣ ቀለበት አሰርን፣ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። የእናቴ ጓዳ በጌሾ ሽታ ታፈነ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ በርበሬ ቀነጠሰ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ደህና ሆኖ ስለነበር ምንይችል የሚባል አንድ ወጣት «የአንድ ቀን የአድባራትና የአትክልት ጉብኝት» የሚል ማስታወቂያ በየመብራት ምሰሶው ለጠፈ። ይበልጣል አይቶት ደወለልኝ።

«ከእናቴ ጋር የምትቀራረቡበት መርሐ ግብር ያስፈልጋል። ለሦስታችን ቦታ ይዣለሁ።»

እናቱ እማማ የሻረግ የማንኩሳ ገጠር ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ሲመጡ ራሱ ደብሩ የሚራመድ የሚመስሉ። እፈራቸው ነበር። ንግግራቸው ሁለት ፊት አለው። መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው «እጅሽ ጨው አይፈራም» ብለውኛል። ምስጋና ይሁን ስድብ ይበልጣልን ብጠይቀው «በአዎንታዊ ጎኑ ውሰጂው» አለኝ።

እሑድ ማለዳ ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም አደባባይ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ግማሹ ተሳፋሪ ነጠላ ለብሶ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ግማሹ ጥቁር መነጽር አድርጎ ስልኩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እማማ የሻረግ በዕድሜያቸው ክብር ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ምንይችል ድምፁ ለዚያች ጠባብ መኪና ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ ማይክሮፎን ይዟል።

«ክቡራትና ክቡራን ጎብኚዎቻችን! ወደ ዛሬው ቱር እንኳን በደህና መጣችሁ!»

«የምን ቱር ነው?» አሉ እማማ የሻረግ ሳይዞሩ። «እኔ ጉዞ ነው ተብየ ነው የመጣሁ። ቅዳሴ ሳልሰማ ውኃም በአፌ አይዞር።»

«እማማ፣ ጉዞም ነው፤ ቱርም ነው።»

«እንግዲያማ መንገዱን ለሁለት ክፈለውና እኔን በጉዞው ውሰደኝ።»

ከኋላችን ጋሽ አስረስ ከት ብለው ሳቁ። ጋሽ አስረስ የቀበሌያችን የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚዳኙት ሰው አጥተው በየሻይ ቤቱ ክርክር ሲፈልጉ ይውላሉ። ለጉብኝቱ የተመዘገቡትም ጠብ አይጠፋም ብለው ሳይሆን አይቀርም። አልተሳሳቱም።

የመጀመሪያው ደብር ኮረብታ ላይ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ጠበል ቀምሰን በቅጥሩ ዛፎች ሥር ዞርን። ምንይችል አንዱን ጽድ እየጠቆመ «ይህ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ነው» አለ። ቀጥሎ ወይራው ላይ ደረሰና እሱንም ሺህ ዓመት አደረገው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጋሽ አስረስ አላስቻላቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ እኮ ባሕር ዛፍ ነው!»

ምንይችል ቅንጣት አልደነገጠም። «በመንፈስ ነው ያልኩት» አለ።

ይበልጣል በየደረስንበት ፎቶ ያነሣኛል። «እዚህ ጋ ፈገግ በይ። ጥሩ። አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ ተመልከቺ፤ ስለ ወደፊታችን እንደምታስቢ።» እኔ ስለ ወደፊታችን አላሰብኩም፤ አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ ማስነጠሴን እየተናነቅኩ ነበር። አቧራም ሆነ የአበባ ብናኝ ፊቴን ያሳብጠኛል። ስለዚህ የአለርጂ ክኒኔ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ቡሬ ገብተን ምሳ በላን። ከዚያ የሽንዲን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን ሚኒባሱ ወደ አንድ ገዳም ታጠፈ። ስሙን አልጠራም፤ ገዳሙ ምን በደለኝ። ከመኪናው ወርደን በጥቅጥቁ ደን ውስጥ ቁልቁል ስንሄድ ጉሬዛዎች ከላያችን ይዘላሉ። ከታች ምንጩ የሚያጠጣው አትክልት ተዘርግቷል፦ ቡና፣ ሎሚ፣ ኮክ፣ ጌሾ፣ ሸንኮራ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ያለ ለምለም ነገር አይቼ አላውቅም። እኔ ለቱርም ለጉዞም ብዙ የማልደነቅ ሴት፣ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ያነቃኝ ምንይችል ነው። «ይህ ደግሞ ትርንጎ ይባላል!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እማማ የሻረግ አንዱን ፍሬ አገላብጠው ዳሰሱና «ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ለሆድ ግን ይስማማል» አሉ። ይህንንም በአዎንታዊ ጎኑ ወሰድኩት።

አትክልቱን የሚጠብቁት መነኩሴ አባ ተክሌ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ፣ ቅኔ ቤት ያረጁ ሰው። ከአትክልቱ ጫፍ በዛፎቹ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች በመቋሚያቸው አሳዩን።

«ሽቶ የተቀባ ሰው ካለ ወደዚያ እንዳይጠጋ» አሉ። «ንቦቹ ገዳማውያን ናቸው። ዓለም ዓለም የሚሸት ሰው አይወዱም።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ዕለት ጠዋት ይበልጣል ለቀለበት የሰጠኝን ሽቶ እሱን ደስ ይበለው ብዬ ከአንገቴ እስከ ክርኔ አርከፍክፌዋለሁ። እማማ የሻረግ ጉልበታቸው ደክሞ ወደ መኪናው ሊመለሱ ሲሉ እሳቸውን ተከትዬ ልሄድ አሰብኩ። ይበልጣል እጄን ያዘኝ።

«ከቀፎዎቹ ሥር አንድ ፎቶ። ለሠርጉ ጥሪ ወረቀት ይሆናል።»

«ሽቶ አድርጌያለሁ እኮ።»

«ጠርሙሱ ላይ የተሣለው ምንድን ነው?»

«አበባ።»

«ንብ ምን ይወዳል?»

«አበባ።»

«በቃ!» አለና ቦርሳዬን ፎቶውን ያበላሻል ብሎ ከትከሻዬ አውልቆ ለእናቱ ሰጣቸው።

በምክንያት የተሸነፈች ሴት እንደምትቆመው ቆምኩ። «ትንሽ ወደ ኋላ» አለ። ሄድኩ። «ትንሽ ደግሞ።» ትከሻዬ አንድ ነገር ነካ። ዞሬ ሳይ ቀፎውን የደገፈው ባላ ነው። ከጀርባዬ ሽሮ ሲንተከተክ ያለ ድምፅ ተነሣ። ይበልጣል ስልኩን ቀስ ብሎ ሲያወርድ አየሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከድምፁ ይልቅ አስደነገጠኝ።

የመጀመሪያዋ ጆሮዬን ነደፈችኝ።

«አትሩጡ!» አሉ አባ ተክሌ። «ፊታችሁን ሸፍናችሁ ከመሬት ተቀመጡ!»

እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ የተቀመጠ ሰው ካለ ንገሩኝ፤ መጥቼ እጁን እሳማለሁ። ሁላችንም ተበተንን። ምንይችል በማይክሮፎኑ «ክቡራን ጎብኚዎች፣ ተረጋጉ!» ይላል፤ ድምፁ ግን እየራቀ ነው፣ ከሁላችን ቀድሞ የሮጠው እሱ ነበርና። ዳገቱን ወጣሁ። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ፀጉሬ ውስጥ ገብተው ይነዝራሉ፤ አንገቴን፣ ከንፈሬን፣ የዓይኔን ቆብ ይወጋሉ። ይበልጣል በአጠገቤ እንደ ንፋስ አለፈኝ።

እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ልቤ በፍቅር ሞቀ። በሩን ከፍቶ ሊጠብቀኝ ነው የቀደመኝ፤ ዕቅድ አለው አልኩ።

ዕቅድስ ነበረው። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ የመጨረሻው ሰው ገብቶ በሩ ሲንሸራተት አየሁ። እጀታውን ይዤ ሳብኩ። አልተከፈተም። እንደገና ሳብኩ። ቀና ስል በመስተዋቱ ውስጥ ይበልጣልን አየሁት። በሁለት እጁ በሩን ከውስጥ ይዞ፣ እግሩን ወንበሩ ላይ ገትሮ ወደ መዝጊያው ይጎትታል።

«ይበልጣል! ክፈት!»

«ንቦቹ አንቺ ላይ ናቸው!»

«እኮ! እኔ ላይ ስለሆኑ ነው ክፈት የምልህ!»

«ከከፈትኩ ይገባሉ! ውስጥ ሰው አለ!»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

በሩን ይበልጥ ጎተተ። ፊቴን በነጠላዬ ለመሸፈን ብሞክር ነጠላዬ ከጫማዬ ጋር ቀርቷል። ከንፈሬ ሲወጠር ታወቀኝ። ቀጥሎ ምላሴ። መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ከምላስ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ጉሮሮ ነው። የሳቁና የሽሙጡ ነገር ሁሉ በአንዴ ከውስጤ ወጣ፤ ልሞት ነው አልኩ፣ በሠርጌ ሰሞን፣ በአንድ ጫማ።

«ቦርሳዬን! ክኒኔን! በመስኮት ጣልልኝ!»

«ትንሽ ራቅ በይና ሲበተኑ እንከፍታለን!» አለኝ።

«ራቅ በይ» ያለኝን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። እዚያው በሩ ሥር ተንበረከክሁ።

ያኔ የጋቢናው በር ተከፈተ። «እማየ ተይ! እማየ!» የሚል የይበልጣል ድምፅ ሰማሁ። በሩ ከኋላቸው ድርግም ሲል፣ ያ ነጭ ጋቢ እንደ ድንኳን ላዬ ላይ ወረደ። እማማ የሻረግ ከነቁመታቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ጋቢውን በዙሪያችን አጣጠፉት። በአንድ እጃቸው ቦርሳዬን ይዘዋል።

«የቱ ነው? ውሰጅ።»

ክኒኑን በዳበሳ አውጥቼ ያለ ውኃ ዋጥኩ። አብረውን የገቡትን ንቦች እሳቸው በጨለማው እያደኑ በመዳፋቸው ይጨፈልቃሉ። እያንዳንዷን ያናግሯታል። «አንችም ሙች። አንችም። አንች ደግሞ የት ልትሄጅ ኖሯል?» እሳቸውንም እጃቸውን ሲነድፏቸው ይሰማኛል፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

«መተንፈስ አቃተኝ» አልኩ።

«ቀስ ብለሽ ነው። ላም ስታምጥ እንዴት ነው የምትተነፍስ?»

«ላም ስታምጥ አይቼ አላውቅም።»

«ኧግ፣ ከተሜ!» አሉና እንዲያ ተቀምጠው እንደምታምጥ ላም እየተነፈሱ አሳዩኝ። እሳቸውን እየተከተልኩ ተነፈስኩ። አማትና ምራት ለመቀራረብ ከዚህ የበለጠ መርሐ ግብር ያወጣ ባለሙያ አላውቅም።

አባ ተክሌ በእርጥብ ሣር ጭስ ይዘው ደረሱ። ድምፁ ቀስ በቀስ ራቀ፣ ከዚያ ጠፋ። ጋቢውን ስንገልጠው አንዱ ዓይኔ ተደፍኗል። ሁለተኛውም እየተከተለ ነበር። ጉሮሮዬ ግን አልተዘጋም።

ከዚህ በኋላ በሩ ተከፈተ። ይበልጣል ወረደ። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

«ደህና ነሽ?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሰው ዞሮ «ውስጥ ሕዝብ ነበር፤ ሕፃን ነበር። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» አለ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ሾላ ነበረች። ጋሽ አስረስ ሥሯ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጡረታቸው ለጊዜው ተነሣ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። መነጽር ያደረገችው ልጅ «እኔ ብሆን በድንጋይ መስተዋቱን እሰብረው ነበር» አለች። ጨቅላ የታቀፈች ሴት ደግሞ ቀስ ብላ «እኔስ እግዜር ይስጠው። አይፈረድብኝ፤ ልጄ ገና አራስ ናት» አለች። ለሷ የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ አስረስ፣ «ነገሩ ሁለት ወገን አለው። የብዙኃን ደኅንነት በአንድ በኩል፤ እጮኝነት በሌላ በኩል። ከሳሽ የምትጠይቂው አለ?»

ነበረኝ። አንድ ነገር ብቻ።

«ይበልጣል፣» አልኩት ባበጠው ከንፈሬ፣ «ፈርተህ ነው?»

ላዋርደው ብዬ እንዳይመስላችሁ። በር ልከፍትለት ነው። «አዎ ፈራሁ» ቢለኝ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰው ነው፣ ይፈራል። እኔም ከቀፎው ስሮጥ ማንን ጥዬ እንደሮጥኩ ዞሬ አላየሁም። ሠርጉ ይደረግ ነበር፣ ጌሾውም ለታሰበለት ይውል ነበር፣ ለልጆቻችንም እየሳቅን እናወራው ነበር።

«እኔ?» አለ ይበልጣል። «ምን ያስፈራኛል? አስቤ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ውጭ ያለው አንድ ነው። ዛሬም ቢደገም ያንኑ ነው የማደርገው።»

እማማ የሻረግ ያበጠ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

አባ ተክሌ ነገሩ ከብዷቸው መሰል፣ ከቤተልሔሙ በኩል በቅል ነገር ይዘው መጡ። ፊቴን ትክ ብለው አዩና ቅሉን ዘረጉልኝ። «ልጀ፣ ከዚህ ሁሉ ንብ በኋላ ለሰው የሚቀርለት አንድ ነገር ነው፤ ማር።»

ተሳፋሪው «እሰይ! አባታችን!» አለ። ቅኔው ለሁሉም ገብቷል፤ የማሩንም ማር፣ የይቅርታውንም ማር። እኔ ግን አንድ ዓይኔ ተደፍኖ፣ ምላሴ አብጦ ትሕትና ከየት ላምጣ።

«አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «ለእኔ ግን ‹ማሪ› ነው የሚባለው። ይኸኛው ‹ማር› ለወንድ ነው፤ ለእሱ ይስጡት።»

አባ ተክሌ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይኸችስ ቅኔ ቤት መግባት ነበረባት» ብለው ቅሉን ለእማማ የሻረግ ሰጧቸው።

ቡሬ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግቼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ ስጠበቅ ቆየሁና ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመርን። ጋቢና በሹፌሩና በእማማ የሻረግ መካከል ተቀመጥኩ። ከኋላዬ እርቅ ተጀመረ። አንዱ «ሰይጣን ነው መካከላችሁ የገባው» ይላል። ሌላዋ «ጥር መጨረሻ እኮ ደረሰ፤ ጠሪውም ተጠሪውም ያውቃል» ትላለች። አንዱ ደግሞ ለሠርጉ ጠላ አዘነ። ጋሽ አስረስ ውሳኔ አሳለፉ፦ ወንዱ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሴቲቱ ትቀበል፣ ፋይሉ ይዘጋ።

ይበልጣል ብድግ አለ፤ ጣሪያው ቀና ስለማያስብለው ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። «ውሳኔው ትክክል ቢሆንም አፈጻጸሙ ላይ ክፍተት ነበረ።»

አጨበጨቡለት! በእውነት ነው የምላችሁ፣ አጨበጨቡለት። እና ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ከንቡ ይብስ ነበር። አንድ መኪና ሙሉ ደግ ሰው፣ የሚወደኝና የሚያዝንልኝ ሕዝብ፣ አንዲት ቃል ተንፍሼ ሁሉም ነገር እንደነበረ እንዲሆን ይለምነኛል። ልለው ምንም አልቀረኝም። «እሺ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴን አሰብኳት። ሽሮፕ የሚገዙትን አሰብኳቸው።

እማማ የሻረግ መንገዱን እያዩ፣ ከኋላ ላሉት በማይሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«እኔስ ወልጀዋለሁ። አንችን ምን አገባሽ?»

ሹፌሩ ሰምቶ በቁጣ መስሎት ደነገጠ። እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በልጄ ነገር አትግቢ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ ያሉኝ መሰለኝ። ከዚያ ዞሬ በቀረችኝ ዓይን አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ገባኝ። እኔ እናት ነኝ፤ ከእሱ መውጫ የለኝም። አንቺ ግን እንድታገቢው ምን ያስገድድሻል? ነው ያሉኝ። የገዛ ልጃቸውን በአንዲት ቃል አሳልፈው እውነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ለማለት ንቡ መካከል ከመግባት የበለጠ ድፍረት ሳይጠይቅ አይቀርም።

እንደ ፊልም ቀለበቱን አውልቄ ልመልስለት ፈለግሁ። ጣቴ እንደ ቋሊማ አብጦ ቀለበቱ ንቅንቅ አልል አለ። ብስበው፣ ባዞረው፣ በጥርሴ ብጎትተው አልወጣም። ስለዚህ ዞሬ የምንይችልን ማይክሮፎን ከእጁ ተቀበልኩ።

«ክቡራትና ክቡራን» አልኩ አልታዘዝ ባለ ምላሴ፣ «ሸልጉ የለም።»

«ምን አለች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሸልጉ!»

«ሸለቆ አለች? የት ጋ?» ምንይችል በመስኮት ማየት ጀመረ።

እማማ የሻረግ ማይክሮፎኑን ወሰዱ። በሕይወታቸው ይዘውት አያውቁም፤ አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። «ሠርጉ የለም ነው የምትል!» ሲሉ ድምፃቸው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

ይበልጣል እንደጎነበሰ «ድንኳኑስ?» አለ።

እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀለበቱ እብጠቱ ሲጎድል በሳሙና ወጣ፤ በሽማግሌ ተመለሰ። እናቴ መጀመሪያ ፊቴን አይታ አለቀሰች። ነገሩን ስነግራት ደግሞ ለጌሾው አለቀሰች። «ንብ ነደፈኝ ብላ ባል ፈታች» የሚለው ወሬ ከተማዋን ዞረ። ያልተጋባ እንዴት እንደሚፋታ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ለወራት መድኃኒት ቤቱ ሥራ በዛበት፤ ራሱን ሳያመው የራስ ምታት መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሁሉ ይመጣል። ጌሾው አልባከነም። ለአስተርዮ ማርያም ጠላ ተጠመቀበትና ሊያስታርቁን የመጡት ሽማግሌዎች ጠጡት።

ይበልጣል አግብቷል። ደህና ሰው ናት ይላሉ፤ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሰው ንብ አያጋጥመውም። ቂም የለኝም። አንዳንዴ እንዲያውም ያቺ አራስ የታቀፈች ሴት ትዝ ትለኛለች። እኔ ውስጥ ብሆን፣ በሩ በእኔ እጅ ቢሆን፣ ውጭ የቆመው ሌላ ሰው ቢሆን ምን አደርግ ነበር? አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ «እኔማ እከፍት ነበር» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ያን እሑድ ጠዋት ብትጠይቁኝ እንዲያ ነበር የምላችሁ። አሁን አላውቅም ነው መልሴ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ባልከፍት፣ አልከፈትኩም፣ ፈራሁ እላለሁ። ፍርሃቱን የዕቅድ ልብስ አላለብሰውም። ከሚፈራ ሰው ጋር መኖር ይቻላል፤ ማታ አብራችሁ በር ትቀረቅራላችሁ። ፈርቶ አላውቅም ከሚል ሰው ጋር ግን የበሩ ቁልፍ ሁልጊዜ በእሱ እጅ ነው።

ሰው ሁሉ እሺ በይ እያለ ሲያጨበጭብ እንቢ ማለት እንደሚቻልም ያን ቀን ነው የተማርኩት። ከባድ ነው ብዬ ነበር። ትንሽ ከንፈር ያሳብጣል እንጂ ይቻላል።

እማማ የሻረግ በገበያ ቀን መድኃኒት ቤት ብቅ ይላሉ። ጉልበታቸውን አሳይተውኝ፣ ቅባት ሰጥቻቸው፣ አንዱን ደንበኛ በነገር ወግተውልኝ ይሄዳሉ። ባለፈው ደግሞ «ደምበጫ በኩል ጉዞ አለ አሉ፤ አንች ቱርሽን ትሄጃለሽ፣ እኔ ጉዞየን» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። አስጎብኚው አዲስ ልጅ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዲት ብርቱካን ስንካፈል አይቶ ደስ አለውና ማይክሮፎኑን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረገ።

«እማማ፣ ልጅዎ ናት?»

እማማ የሻረግ ብርቱካናቸውን አኝከው እስኪጨርሱ አስጠበቁት።

«ምራቴ ልትሆን ነበረ» አሉ። «እግዜር አተረፋት።»